መድኃኒት በቦይ ሲወርድ፦ በባሕር ዳር ዳርቻ በአንድ የዓሣ እርባታ ላይ የደረሰ ጉዳት (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩን ለመመዝገብ ያነሳሳኝ

ከዚህ በታች የማቀርበው ጉዳይ በባሕር ዳር ከተማ ዳርቻ፣ ወደ ጣና በሚወርድ ረግረግ አጠገብ በሚገኝ አነስተኛ የዓሣ እርባታ ላይ የደረሰ ነው። የዓሣ ሀብት ልማት ባለሙያ እንደመሆኔ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትዬዋለሁ፤ በመካከሉም ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ምክር ሰጥቻለሁ። የእርባታውን ባለቤት፣ ጠባቂውን፣ ፍሳሹ የመጣበትን የጤና ተቋምና ሠራተኞቹን በስም አልጠቅስም። የጽሑፉ ዓላማ ማንንም መክሰስ ሳይሆን፣ ተመሳሳይ ነገር የሚገጥመው ሰው እኛ የባከነብንን ጊዜ እንዳያባክን መርዳት ነው።

በአካባቢያችን ዓሣ ታመመ ወይም ሞተ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው የእርሻ ኬሚካል ነው፤ ካልሆነም ዓሣ አጥማጆች ዓሣ ለማደንዘዝ የሚጠቀሙበት ብርብራ የተባለው የዛፍ ፍሬ ነው። የሰው ልጅ ታክሞ የሚድንበት መድኃኒት ውኃ ውስጥ ሲገባ ዓሣን ሊጎዳ እንደሚችል የሚጠረጥር ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔም ከእነዚህ ጥቂቶች መካከል አልነበርኩም።

የቦታውና የእርባታው ሁኔታ

እርባታው ሦስት ኩሬዎች አሉት። ሦስቱም በአንድ ጊዜ የተቆፈሩ ሲሆን ከአንድ ቦታ የመጡ የቆሮሶ ጫጩቶች ተለቀውባቸዋል፤ መኖውም ከኑግ ፋጉሎና ከስንዴ ፉርሽካ በእርባታው ውስጥ የሚዘጋጅ አንድ ዓይነት ነው። ልዩነታቸው ውኃው ብቻ ነው። ሁለቱ ከሰፈሮቹ በላይ ከሚነሳ አነስተኛ ጅረት በቦይ የሚገባ ውኃ ይጠቀማሉ። ሦስተኛው ከፍ ያለ ቦታ ላይ በመሆኑ ቦዩ ስለማይደርስለት፣ በግቢው ውስጥ ከተቆፈረ የውኃ ጉድጓድ በሞተር ይሞላል። የነዳጅ ወጪው ከባድ በመሆኑ ባለቤትዋ ይህንን ኩሬ የእርባታው ድካም አድርገው ነበር የሚቆጥሩት። በኋላ ላይ ጉዳዩን የፈታልን እሱ ሆነ።

የእርባታው ባለቤት በጡረታ የተገለሉ መምህርት ናቸው። ጠባቂውና መጋቢው ደግሞ ወጣትነታቸውን በጣና ላይ በደንገል ታንኳ ሲያጠምዱ ያሳለፉ አዛውንት ናቸው። ማንበብና መጻፍ ባይችሉም የዓሣን ጠባይ ከማንኛችንም በተሻለ ያውቃሉ፤ በዚህ ጉዳይ ውስጥ በጊዜው ያልሰማኋቸው ትክክለኛ ምልክቶች በሙሉ ከእሳቸው አፍ የወጡ ናቸው።

ባሕር ዳር ከተማውን ሁሉ የሚያዳርስ የፍሳሽ መስመር የላትም። መኖሪያ ቤቶችም ሆኑ ተቋማት በአብዛኛው በመጸዳጃና በፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶች ይገለገላሉ። ጉድጓዱ ሲሞላ ወይም ሲሰነጠቅ ፍሳሹ በጎርፍ መውረጃዎች፣ በአነስተኛ ጅረቶችና በረግረጉ አልፎ ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ዓባይ መውጫ ይሄዳል። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር፣ ትልቁም 14 ሜትር አካባቢ ነው። የዳርቻው ረግረግ የዓሣ ጫጩቶች የሚያድጉበት ቦታ በመሆኑ፣ ፍሳሹ መጀመሪያ የሚያገኘው በዕድሜያቸው ለጋ የሆኑትን ነው።

ችግሩ እንዴት ታየ

ዝናቡ አቁሞ የጅረቱ ውኃ መቀነስ በጀመረበት በመስከረም መጨረሻ ጠባቂው ለባለቤትዋ «እትዬ፣ ዓሦቹ አኩርፈዋል» ብለው ነገሯቸው። ከዚያ በፊት ጠባቂው ወደ ኩሬው ጫፍ ሲጠጉ ዓሦቹ የእግራቸውን ኮቴ ሰምተው ይሰበሰቡ ነበር፤ አሁን ግን መኖው ውኃው ላይ ሲበተን ጥቂቶቹ ብቻ እየዘገዩ ይመጣሉ፤ የቀረው መኖ ወደ ታች ይሰምጣል። ባለቤትዋ ነገሩን ለእኔ ሲነግሩኝ የውኃው ቅዝቃዜ የምግብ ፍላጎታቸውን ቀንሶት ይሆናል ብዬ መለስኩላቸው። ቆሮሶ ውኃ ሲቀዘቅዝ በእርግጥ መብላት ይቀንሳል። ሆኖም በሦስተኛው ኩሬ ያሉት ዓሦች እንዴት እንደሚበሉ አልጠየቅሁም።

ከአሥር ቀን ያህል በኋላ ጠባቂው ሁለተኛ ነገር አስተዋሉ። የሰው ጥላ ሲያልፍባቸው ዓሦቹ አይሸሹም፤ ዓሣ በላ ወፎችም ያለ ችግር እየለቀሙ ይወስዷቸዋል። ቀጥሎም በቀን ሦስት፣ አራት ዓሦች ሞተው መንሳፈፍ ጀመሩ። እኔ በአካል የሄድኩት ሞት ከተጀመረ በኋላ ነበር።

መጀመሪያ የሄድንባቸው የተሳሳቱ መንገዶች

በመጀመሪያ የጠረጠርኩት የኦክስጅን እጥረትን ነው። የአብዛኛው የኩሬ ሞት ምክንያት ይህ በመሆኑ ጥርጣሬው ተገቢ ነበር፤ ያዘዝኩት መፍትሔ ግን ጉዳት አደረሰ። የኩሬዎቹ ውኃ ግማሽ ያህሉ እንዲለቀቅና በአዲስ ውኃ እንዲተካ ነገርኳቸው። አዲሱ ውኃ ከዚያው ቦይ የገባ ነበርና በማግስቱ የሞተው ዓሣ ቁጥር ጨመረ። የኦክስጅን እጥረት ቢሆን ኖሮ ዓሦቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ እያወጡ የሚያለከልኩት ጎሕ ሲቀድ ነበር፤ ሌሊቱን አረንጓዴው አልጌም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ስለሚወስድ ውኃው በጣም የሚደኸየው በዚያ ሰዓት ነው። የእኛዎቹ ግን ቀትር ላይም ሆነ ማለዳ ላይ ጠባያቸው አንድ ነበር። ይህንን ጠባቂውን ጠይቄ በአንድ ደቂቃ ማወቅ እችል ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት የባሰ ነበር። አንዳንዶቹ ዓሦች ክንፋቸው ጫፍ ላይ ተበልቶ፣ ስንጥባቸውም ገርጥቶ ስላየሁ የባክቴሪያ በሽታ ነው ብዬ ገመትኩ። የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥ ነጋዴ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ የፀረ ባክቴሪያ ዱቄት ከመኖ ጋር እንዲቀላቀል መከረ፤ እኔም ተስማማሁ። ዓሦቹ መኖ አይበሉም ነበርና የተቀላቀለው ዱቄት ኩሬው ውስጥ ሟሟ። ለታመመ ውኃ ሌላ መድኃኒት ጨመርንበት ማለት ነው። ለአምስት ቀናት ተሰጥቶ ምንም ለውጥ ባለማምጣቱ አቆምነው። ይህ ውሳኔዬ እስከ ዛሬ ያስቆጨኛል፤ ምክንያቱም ምርመራ ሳይደረግ የተሰጠ ፀረ ባክቴሪያ ከዓሣው በተጨማሪ ከፍሳሹ ጋር ወደ ረግረጉ የሚወርደውን ባክቴሪያ ሁሉ መድኃኒት እንዲለማመድ ያደርጋል።

ቀጥሎ ወደ እርሻ ኬሚካል ዞርን። በባሕር ዳር ዙሪያ ጫት በመስኖ ስለሚለማ የፀረ ተባይ ርጭት እንግዳ ነገር አይደለም። የቦዩን ዳርና ዳር የሚያርሱትን አርሶ አደሮች ስንጠይቅ በዚያ ሳምንታት ማንም አልረጨም። ስለ ብርብራም ተወራ። ብርብራን ግን ጠባቂው በአንድ ቃል ዘጉት፦ «ልጄ፣ ብርብራ ቢሆን በአንድ ቀን ያልቁ ነበር እንጂ እንዲህ እያኮረፉ አይከርሙም።» ትክክል ነበሩ። የብርብራ ፍሬ በውስጡ ያለው ሮቴኖን የተባለው መርዝ የዓሣን የኦክስጅን አጠቃቀም በፍጥነት ያቋርጣል፤ ፀሐይ ሲያገኘውም በቀናት ውስጥ ይፈራርሳል። ሳምንታት የዘለቀ ዝግ ያለ ሕመም የብርብራ ባሕርይ አይደለም።

ሦስተኛው ኩሬ

ነገሩ የተገለጠልን በአራተኛው ሳምንት፣ ባለቤትዋ ለሞተር የሚሆን ነዳጅ ገዝተው በመጡ ቀን ነው። ሦስተኛውን ኩሬ በዚያው ልዝጋው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሄጄ ተመለከትኩት። መኖው ከመበተኑ ውኃው በዓሣ ተናወጠ፤ የእጄ ጥላ ሲያልፍ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተሰወሩ። ጫጩቱ፣ መኖው፣ መጋቢውና አየሩ ከሁለቱ ኩሬዎች ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ የጉድጓድ ውኃ መሆኑ ብቻ ነው። አራት ሳምንት ሙሉ በታመሙት ላይ ብቻ ዓይናችንን ተክለን ደህናውን ባለማየታችን፣ በእጃችን የነበረውን ማስረጃ ረግጠን እናልፍ ነበር።

የሳፋው ሙከራ

በአካባቢው ያገኘነው የውኃ መመርመሪያ ሙቀትን፣ ኦክስጅንን፣ የአሲድነት መጠንንና አሞንያን የሚለካ ነው። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ በግራም ቢሊዮንኛ የሚቆጠርን የመድኃኒት ቅሪት መለየት ለዚህ ሥራ የተሠራ ውድ መሣሪያ ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ ያንን የምንጠብቅበት ጊዜ አልነበረንም። ስለዚህ ዓሣውን ራሱን መመርመሪያ አደረግነው።

አራት የልብስ ማጠቢያ ሳፋዎች ገዛን። ከሦስተኛው ኩሬ በተወሰዱ ጫጩቶች ስድስት ስድስት አድርገን ከፋፈልናቸው። በአንደኛው የጉድጓዱን ውኃ፣ በሌሎቹ ደግሞ ከቦዩ ሦስት ቦታዎች የተቀዳ ውኃ ጨመርን፤ ይኸውም ከሰፈሩ በላይ፣ ከአንድ የጤና ተቋም አጥር በታችና ከኩሬዎቹ መግቢያ ላይ የተቀዳ ነው። የትኛው ሳፋ የየትኛው ውኃ እንደሆነ ለጠባቂው ሳልነግር ከሳፋው ሥር ምልክት አደረግሁ። ጠባቂው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አንድ አንድ ቁንጥር መኖ እየጨመሩ ዓሦቹ ለመብላት ምን ያህል እንደሚዘገዩና በእጅ ጥላ ይሸሹ እንደሆነ ይነግሩኛል፤ እኔ እመዘግባለሁ።

በሁለተኛው ቀን ሁለቱ ሳፋዎች ተለዩ። ጫጩቶቹ ወደ ታች ዘቅጠው፣ መኖው አጠገባቸው ደርሶ እንኳ አይንቀሳቀሱም። ሳፋዎቹን ስንገለብጥ አንዱ ከተቋሙ አጥር በታች፣ ሌላው ከኩሬዎቹ መግቢያ የተቀዳ ውኃ የያዙ ነበሩ። ከሰፈሩ በላይ የተቀዳው ውኃና የጉድጓዱ ውኃ ግን ልዩነት አላሳዩም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የጤና ተቋም ወለል በበረኪና ስለሚታጠብ ክሎሪኑ ሊሆን ይችላል ሲል ተገቢ ጥያቄ አነሳ። ክሎሪን ውኃው ክፍት ሆኖ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ስለሚበንን፣ ሙከራውን አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ባደረ ውኃ ደገምነው። የተቋሙ ውኃ ያደረገው ለውጥ ደከም ብሎም ቢሆን ተደገመ። ስለዚህ ምክንያቱ በረኪና ብቻ አልነበረም።

ከአጥሩ ውስጥ የተገኘው

ወደ ተቋሙ ያደረግነው የመጀመሪያ ጉዞ አልተሳካም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን የጠቀሰ ደብዳቤ ይዘን ስለሄድን ኃላፊው ከሕግ ክፍል ጋር ሳልነጋገር መልስ አልሰጥም አሉ፤ በሩም ተዘጋብን። አዋጁ ትክክል ነበር፤ ሰዎቹን ከመነጋገር በፊት መክሰሳችን ግን ስሕተት ነበር። ሁለተኛውን ጉዞ ያመቻቹልን የቀበሌው የአካባቢ ጤና ባለሙያ ናቸው። በዚህ ጊዜ ደብዳቤ አልያዝንም፤ ሁለት ሳፋዎችን ከነዓሦቻቸው ይዘን ሄድን። የመድኃኒት መጋዘኑ ሠራተኛ ሳፋዎቹን ለረጅም ጊዜ ካየ በኋላ ያለ ማስገደድ ነገሩን ሁሉ ነገረን።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በዚያው ወቅት ንብረት ይቆጠራል፤ የአገልግሎት ጊዜያቸው ያለፈ መድኃኒቶችም ይለያሉ። እነሱን ለማስወገድ ኮሚቴ መቋቋም፣ ዝርዝር መጽደቅና ከፍተኛ ሙቀት ያለው ማቃጠያ ወዳለበት ቦታ መጓጓዝ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ወራት ሲፈጅ መጋዘኑ ተጣበበ። ሠራተኛው መድኃኒቶቹን ቆሻሻ ላይ ቢጥላቸው ሕፃናት ወይም ፕላስቲክ ለቃሚዎች አንስተው እንዳይጠቀሙባቸው ፈራ። ስለዚህ ከመስከረም ጀምሮ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየከፈተ ሽሮፑን በእጅ መታጠቢያው፣ እንክብሉን አሟሙቶ በመጸዳጃው ያፈስሰው ነበር። ሰውን ለመጠበቅ ያደረገው ነገር ነው። ማጠራቀሚያው ጉድጓድ ደግሞ ሞልቶ በአጥሩ ሥር ወደ ቦዩ ይተርፍ ነበር። ክረምቱ አልፎ የቦዩ ውኃ በመቀነሱ የሚያቀጥነው አልነበረም።

ከዝርዝሩ ውስጥ በርካታ ፀረ ባክቴሪያዎች፣ የሕመም ማስታገሻ የሆነው የዳይክሎፌናክ መርፌና እንክብል፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒንና የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ይገኙ ነበር። ጉዳቱን ያደረሰው የትኛው ነው የሚለውን ከድብልቁ ለይተን አላወጣንም፤ ምንጩን ለማስቆም ግን ያ አላስፈለገንም።

መድኃኒት ዓሣን እንዴት ይጎዳል

መድኃኒት ሲሠራ ጥቂቱ ብዙ እንዲሠራ፣ በሰውነት ውስጥም ቶሎ እንዳይፈርስ ተደርጎ ነው። ዓሣም እንደ ሰው ኩላሊት፣ ጉበት፣ ሆርሞንና ነርቭ አለው፤ መድኃኒቱ የሚይዛቸው የሰውነት ክፍሎች በአብዛኛው ተመሳሳይ ናቸው። ልዩነቱ ሰው እንክብሉን ለተወሰነ ቀን ወስዶ ሲያቆም፣ ዓሣ ግን ውኃውን በስንጥቡ ቀንና ሌሊት እያሳለፈ የሚኖር መሆኑ ነው።

ጠባቂው ያዩት የጥላ አለመፍራት ለእኔ እንግዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የስዊድን ተመራማሪዎች ኦክሳዜፓም የተባለውን የጭንቀት ማስታገሻ፣ በወንዝ ውስጥ ከሚገኘው ጋር በሚቀራረብ መጠን ለፐርች ዓሣ ሰጥተው ዓሦቹ ደፋርና ከመንጋቸው የተነጠሉ እንደሆኑ አሳይተዋል። ያ ዓሣ የታመመ አይመስልም፤ ነገር ግን ከመንጋው የተነጠለና የማይሸሽ ዓሣ ለወፍ ቀላል ምግብ ነው። የእኛዎቹ ከመድፈር ይልቅ ፈዝዘው ነበርና ጉዳዩ አንድ ነው አልልም፤ ጉዳት ሞት ሳይኖርም በጠባይ ሊታይ እንደሚችል ግን ሁለቱም ያሳያሉ። ዳይክሎፌናክ ደግሞ በቀስተ ደመና ትራውት ላይ በተደረገ የጀርመን ጥናት በአንድ ሊትር 5 ማይክሮ ግራም ያህል በሆነ መጠን ኩላሊትንና ስንጥብን ጎድቷል። ፀረ ባክቴሪያም የራሱ መንገድ አለው፤ የዓሣውን አሞንያ ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጡትን የኩሬ ባክቴሪያዎች ሊያዳክም ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የመራባት ጉዳይ ነው። በካናዳ ኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 አንድ ሙሉ ሐይቅ ውስጥ የእርግዝና መከላከያ እንክብል ሆርሞን በአንድ ሊትር ከ5 እስከ 6 ናኖ ግራም በሚደርስ መጠን እንዲኖር ተደረገ። ወንዶቹ ዓሦች የእንቁላል አስኳል ፕሮቲን ማመንጨት ጀመሩ፤ እዚያ የነበረ የትንንሽ ዓሦች ዝርያም ለመጥፋት ተቃረበ። ሐይቁ በሞተ ዓሣ አልተሸፈነም። የጠፋው ተተኪው ትውልድ ነው።

ይህ በጣና ላይ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ አያዳግትም። በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች እየወጡ የሚራቡት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም አይገኙም። እነሱ መራባት ቢያቆሙ ከሌላ ሐይቅ አምጥቶ መተካት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2022 በ104 አገሮች በ258 ወንዞች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት ሲወጣ፣ በመድኃኒት ቅሪት በጣም ከተበከሉት መካከል ከፓኪስታን ላሆርና ከቦሊቪያ ላፓዝ ቀጥሎ አዲስ አበባ ተጠቅሳለች። ችግሩ የሩቅ አገር ችግር አይደለም።

የተወሰዱ እርምጃዎችና ያስገኙት ውጤት

ተቋሙ ማፍሰሱን በዚያው ቀን አቆመ። የቀሩት መድኃኒቶች በቁልፍ በተዘጋ ክፍል ተለይተው ከተመዘገቡ በኋላ ከጊዜ በኋላ ወደ ማቃጠያ ተላኩ። ማጠራቀሚያው ጉድጓድ በመምጠጫ መኪና ተጠረገ፤ የተሰነጠቀው ግድግዳም በሲሚንቶ ተደፈነ። በእርባታው በኩል ሁለቱ ኩሬዎች ለጊዜው ከጉድጓዱ ውኃ እንዲሞሉ ተደረገ። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ዓሦቹ ወደ መኖ መሰብሰብ ጀመሩ፤ ጥላም መሸሽ ጀመሩ።

ሁሉም ነገር ግን አልተመለሰም። በዚያ ወቅት አፋቸው ውስጥ እንቁላል የሚይዙ እናት ዓሦች ከወትሮው እጅግ ጥቂት ነበሩና የሚቀጥለው ዙር ጫጩት ከሌላ ቦታ ተገዛ። ባለቤትዋ የዓሣ ፈላጊ በሚበዛበት በዐቢይ ጾም ገበያ ከሁለቱ ኩሬዎች አንድም ዓሣ አልሸጡም። የተረፉት ቢያገግሙም በሥጋቸው ውስጥ ምን እንደቀረ ሳይታወቅ ለሰው አላበላም ብለው ወሰኑ። ኪሳራው ከባድ ነበር፤ ውሳኔያቸውን ግን አከብራለሁ።

የኩሬው ጭቃ ሌላ ራስ ምታት ሆነ። ዳይክሎፌናክ በፀሐይ ብርሃን ቶሎ ይፈርሳል፤ ቴትራሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲንን የመሳሰሉት ፀረ ባክቴሪያዎች ግን ጭቃ ላይ ተጣብቀው ይቆያሉ። በበጋው ኩሬዎቹን አድርቀን የላይኛውን ጭቃ ጠርገን ኖራ በተንን። በቦዩ መግቢያ ላይ ደንገልና ፊላ ተክለናል፤ ደለልንና የሳሙና አረፋን በደንብ ይይዛሉ፤ ለመድኃኒት ግን የሚያደርጉት እርዳታ ከፊል ስለሆነ አንተማመንባቸውም።

ለሌላ ቦታ የሚጠቅመው

ከዚህ ጉዳይ ለባልደረቦቼ ደጋግሜ የምነግረው የመጀመሪያው ነገር ከደህናው መጀመርን ነው። በአንድ አካባቢ አንዱ ኩሬ ታሞ ሌላው ጤነኛ ከሆነ፣ ከማንኛውም ምርመራ በፊት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይጻፍ። ሁለተኛው፣ ውኃ መቀየር የሚረዳው የሚገባው ውኃ ደህና መሆኑ ሲታወቅ ብቻ ነው። ምንጩ ሳይታወቅ ቦይ መክፈት በሽታውን መጨመር ሊሆን ይችላል።

ሞትን መጠበቅ ደግሞ አያስፈልግም። የመኖ ፍላጎት መቀነስና ጥላን አለመፍራት ከሞቱ ቀድመው ታይተዋል፤ ስለዚህ መጋቢው የሚያየውን ነገር በየቀኑ የሚመዘግብለት ሰው ቢኖር ይመረጣል። የሳፋው ሙከራ አራት ሳፋ፣ ጥቂት ጤነኛ ጫጩቶችና የሦስት ቀን ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ሳፋዎቹ ጥላ ሥር በእኩል ሙቀት ይቀመጡ፤ የሚመለከተው ሰው የውኃውን ምንጭ አይወቅ፤ ውጤቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይደገም። ሙከራው የመድኃኒቱን ስም አይነግርም፤ ከቦዩ በየትኛው ቦታ ላይ መቆም እንዳለብን ግን ይነግራል።

ለጤና ተቋማት የምለው አንድ ነገር አለ። የመጋዘኑ ሠራተኛ መድኃኒቱን ያፈሰሰው ሕጋዊው መንገድ ስለዘገየና መጋዘኑ ስለተጣበበ ነው። የማስወገጃ ኮሚቴው ንብረት ከመቆጠሩ በፊት ቢቋቋም፣ ጊዜያቸው ሊያልፍ የደረሱ መድኃኒቶችም ወደሚያስፈልጓቸው ተቋማት ቀድመው ቢዛወሩ፣ የሚፈስስ ነገር አይኖርም ነበር።

ያልተፈታው የዘወትሩ ፍሳሽ ነው። ታካሚ ከዋጠው መድኃኒት ውስጥ፣ እንደ ዓይነቱ፣ ከፊሉ ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል፤ ይህም በየቀኑ ወደዚያው ጉድጓድ ይገባል። ጉድጓዱ በየሦስት ወሩ እንዲጠረግ ከተቋሙ ጋር ተስማምተናል፤ ጠባቂውም በየሳምንቱ ሰኞ ከቦዩ መግቢያ በተቀዳ ውኃ አንድ ሳፋ ይሞላሉ፤ ስድስት ጫጩቶች ጨምረውም መኖ ሲበተንላቸው ምን እንደሚያደርጉ ይመለከታሉ።